ስኒ ተሰበረ

ሻይ ውስጥ ቅርንፉድ ካለ አልጠጣም። ሰው ቤት ምክንያቱን ቢጠይቁኝ ሆዴን አይስማማውም እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ማብራራት ልማዴ አይደለም። ዛሬ ግን ልጽፈው ነው። ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ካነበቡት ደግሞ ቅር ይበላቸው።

በቀደም የልጅ ልጄን ሶልያናን ይዤ እዚሁ መቐለ፣ ዓይደር ወዳለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ከሰፈራችን ከሓድነት በባጃጅ ነው የሄድነው። የክሊኒኩን በር ገፋ ሳደርገው የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ፊቴን መታኝ። ጥርስ ሐኪሞች ለሕመም ማስታገሻ እንደሚጠቀሙበት አውቃለሁ። ሆኖም እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሓወቦይ ከበሩ ኋላ ቆሞ፣ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። ሓወቦይ በእኛ ቋንቋ የአባቴ ወንድም ማለት ነው። ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው።

"ዓባየይ፣ ግቢ እንጂ፣" አለችኝ ሶልያና ቀሚሴን እየጎተተች፤ አያቴ ማለቷ ነው።

ልጅቷን የወሰድኳት ታማ አይደለም። ትምህርት ቤታቸው መጥተው የነበሩ ሐኪሞች አፏን አይተው፣ ከሁሉም ኋላ የበቀለችው አዲሷ መንጋጋ ሳትቦረቦር በፊት ላይዋ ቢሸፈን ጥሩ ነው ብለው ነበር። ምራቴ ነገሩን አቃለለችው።

"ኣደይ፣ ምን ያደክምዎታል? የስድስት ዓመት ልጅ ጥርስ የወተት ጥርስ ነው። ነገ ወድቆ ሌላ ይበቅላል።"

ኣደይ፣ እናቴ፣ የምትለኝ ምራቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን ዓረፍተ ነገር ግን በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ እርግጠኛነት። የልጅቷን ጫማ አስሬ ወጣሁ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ ያ ዓመት መጣብኝ።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበርኩ። ከውቅሮ ወዲያ ካለችው መንደራችን ወደ መቐለ ያመጣኝ ሓወቦይ ነው፤ እንድማር። እሱና ሚስቱ ያን ጊዜ ልጅ አልነበራቸውም። ለእሱ ልጅ፣ ለእሷ የእጅ አጋዥ እሆናለሁ ተብሎ ታሰበ። ቤታቸው ዛሬ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከቆርቆሮ ሥር ተኝቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጣሪያው ላይ ሰው እህል የሚያፈስ መስሎኝ ብድግ ብዬ ጆንያ ፈለግሁ። ሓወቦይ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። የእሱ ሳቅ አያሳፍርም ነበር፤ ሲስቅ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርጋል።

ሥራው የእህል መጋዘን መጠበቅ ነው። ኮቱ ጆንያ ጆንያ ይሸታል፤ ከጆንያው ሽታ በላይ ደግሞ ቅርንፉድ። አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ከጉንጩ አይለይም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ጥርሴን ያመኛል፣ ጓለይ፣" ይለኛል። ጓለይ ልጄ ማለት ነው። እንደ እሱ ሕመሙን ችሎ የሚኖር ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሚስቱ የደሴ ሰው ነበረች። ስሟን አልጽፍም። እትዬ በይኝ ብላ ስላዘዘችኝ ዛሬም እትዬ እላታለሁ። ትግርኛ አትናገርም፤ ልትማርም አልፈለገችም። ሓወቦይ ከእሷ ጋር በአማርኛ፣ ከእኔ ጋር በትግርኛ ያወራል። እኔና እትዬ የምንግባባው በእጅና በዓይን ነበር። አማርኛዬን ያገኘሁት ከእሷ ነው፤ ይህን አልክድም። ይህን ራሱን የምጽፈው በእሷ ቃላት ነው።

እትዬ የምትኮራበት አንድ ነገር ነበራት። ሳሎን ውስጥ ባለመስታወት ቁምሣጥን አለ፤ በእሱ ውስጥ የተደረደሩ ስኒዎች። አፋቸው ወርቅማ፣ ሆዳቸው ላይ ትንሽ ሰማያዊ አበባ ያለባቸው፤ እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻት፣ ከደሴ በጥጥ ተጠቅልለው የመጡ። ማንም አይጠጣባቸውም። እንግዳ ሲመጣ ይታያሉ እንጂ አይነኩም።

በመጣሁ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እትዬ ወደ ቁምሣጥኑ እየጠቆመች "ስኒዎቹን እጠቢ፤ ቀስ ብለሽ፣ አንድ በአንድ፣" አለችኝ።

ይህን የሚያነብ የመሀል አገር ሰው አንድ ነገር ይወቅልኝ። በትግርኛ ስኒ ማለት ጥርስ ነው። ቡና የሚጠጣበት ዕቃ ፍንጃል ይባላል። የእኛው ስኒ ሲነገር ትንሽ ጠበቅ ይላል እንጂ ለልጅ ጆሮ ልዩነት የለውም። "እጠቢ" የሚለውም ከእኛ "ሕፀቢ" አይርቅም። ጣቷን ወደ ቁምሣጥኑ የቀሰረችው መስታወት ስላለው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እያየሁ እንዳጥብ። ጓሮ ሄጄ ከሰልና ጨው ወቀጥኩ። በወይራ መፋቂያና በጣቴ፣ እንደታዘዝኩት፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ስጨርስ ሳሎን ገብቼ ከመስታወቱ ፊት ቆምኩና አፌን ከፍቼ አሳየኋት።

"ምን ያስገለፍጥሻል?" አለችኝ።

የበለጠ ከፈትኩት።

ሓወቦይ ገብቶ ነገሩን ሲተረጉምላት ሶፋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። መሳቋ አልከፋኝም። የከፋኝ የቤቱ ጨዋታ ሆኖ መቅረቱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጠራለሁ።

"ነይ እስቲ፣ ስኒሽን አሳዪአቸው።"

አፌን ከፍቼ እቆማለሁ። ጎረቤት ሴቶች ጎንበስ ብለው ያዩኛል።

"ውይ፣ ንጣቱ። ይሄ ስኒ የቻይና ነው?"

"የለም፣ የውቅሮ ነው፣" ትላለች እትዬ። "ለመጠጫ አይሆንም እንጂ ለማየት ደህና ነው።"

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበር። በወሩ ቃሉን ተማርኩት፤ ሳሎን ውስጥ በአማርኛ ጥርስ፣ ጓሮ ውስጥ በትግርኛ ስኒ። ቢሆንም ሲጠሩኝ አፌን መክፈቴን አልተውኩም፤ እምቢ የሚል ልጅ ወደ መንደሩ እንደሚመለስ ተነግሮኛል። እትዬ ይህን ደጋግማ ትለው ነበር። "እጅሽ ካላረፈ፣ አፍሽ ካላረፈ፣ አውቶቡሱ ሩቅ አይደለም።" እኔ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ወድጄው ነበር። የጥቁር ሰሌዳውን አቧራ፣ ፊደሉን በአንድ ድምፅ ስንጮኸው የመስኮቱ መስታወት የሚንቀጠቀጠውን፣ አስተማሪው ስሜን ሲጠራ "አቤት" ማለትን። ያን ዓመት የምፈራው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መመለስ።

አመሻሽ ላይ ሓወቦይ ከሥራ ሲመጣ ከውጭው በር ኋላ ይጠብቀኛል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። "ንዓኺ" ይላል፤ ለአንቺ። ከረሜላ ነው፤ አንዳንዴ ቀይ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ ወረቀቱ ላይ የጆንያ ቃጫ የተጣበቀበት። እትዬ ስኳር የምታስቀምጠው ቆልፋ ነው። "ጣፋጭ ጥርስ ይበላል" ባይ ናት። ስለዚህ ነገሩ የእኔና የሓወቦይ ብቻ ነበር።

"አትንከሺው። ከጉንጭሽ ይደር፤ ይቆይልሻል።"

ከኋለኛዋ መንጋጋዬና ከጉንጬ መሀል አስገባውና እተኛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠዋት ስነሣ ምላሴን አውጥቼ በባልዲው ውኃ ውስጥ ቀለሙን አያለሁ። የሚወደኝ ሰው እንዳለ ማረጋገጫዬ ያ ቀለም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም፤ ይህንንም የምጽፈው እየመረረኝ ነው።

ሰኞ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ አንዳንዴ ጨው ገበያ ይወስደኛል። ግመሎቹ ከዓፋር በረሃ አሞሌውን ተሸክመው ገብተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እንደደከመ ሽማግሌ ያቃስታሉ። አቧራው ነጭ ነው፤ ከንፈር ላይ ያርፋል። ሓወቦይ ከአሞሌ ጫፍ ፍርካሽ ለቅሞ "ላሺ" ይለኛል። ጨዉን ልሼ፣ በላዩ ላይ ከረሜላ። ሁለቱ አፌ ውስጥ ሲገናኙ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዞ፣ የግመሎቹን አረማመድ እያስመሰለ፣ ሰው ቢያየው ባያየው ግድ ሳይኖረው ይሄዳል። እንደዚያ ያለ ሰው ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው ባይሆን ኖሮ ነገሩን ረስቼው ነበር።

እትዬ ማኅበር የምትሄድበት ወይ ጎረቤት የምትቆይበት ምሽት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ሓወቦይ ከጆንያዎቹ ኋላ ትንሽ ጠርሙስ ያወጣል። ቁምሣጥኑን ይከፍትና ከስኒዎቹ አንዱን ያነሣል። ከጠርሙሱ የሚቀዳው እንደ ውኃ ነጭ ነው፤ ሽታው ግን ዓይን ያስለቅሳል።

"መድኃኒት ነው፣" አለኝ በመጀመሪያው ቀን። "የጥርስ። በስኒ ነው የሚለካው። እትዬ መታመሜን ካወቀች ትጨነቃለች፤ በሩ ላይ ሆነሽ ጠብቂልኝ።"

ጠበቅሁለት። አንድ ጉንጩ ላይ ያዝ አድርጎ ይውጠዋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላ ይቀዳል። ሲጨርስ ስኒውን በመሐረቡ አድርቆ ይመልሳል፤ ቅርንፉዱን ጉንጩ ውስጥ ያደርጋል፤ ለእኔ ከረሜላዬን ይሰጠኛል። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ሲያወራ ደስ ይላል። ጥርስ ሲሻለው ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ምሽት በር ላይ ቆሜ ሳለ የእትዬ ኮቴ ከታች ተሰማኝ። "መጣች" አልኩ። ከውስጥ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ሓወቦይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁምሣጥኑን እየዘጋ ነበር።

"ምንድን ነው የተሰበረው?"

"ስኒ እዩ፣" አለኝ። ስኒ ነው።

ከእኔ ጋር የሚያወራው በትግርኛ ነው። ስለዚህ የሰማሁት ጥርስ ነው ማለቱን ነው። ጥርሱ እዚያው አፉ ውስጥ የተሰበረ መስሎኝ የራሴን ጉንጭ ይዤ ቆምኩ። ያን ቀን ከረሜላው ሁለት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የእኔም ጀመረኝ። ከረሜላው የሚያድርባት መንጋጋ ነች። ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ጆሮዬ ድረስ ትወጋኛለች። አልተናገርኩም። እንደ ሓወቦይ መሆኔ ነበር፤ ችዬ። ቅርንፉድ ሰርቄ እንደ እሱ ጉንጬ ውስጥ አደረግሁ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ቆሎ ስቆረጥም የመንጋጋዬ ግማሽ ተገምሶ መዳፌ ላይ ወጣ። ውስጡ ጥቁር ነበር።

ሳሎን ገባሁ። እትዬ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ሓወቦይ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። አማርኛውን በዚያን ጊዜ ለምጄው ነበር፤ ሲጨንቀኝ ግን የሚመጣልኝ የእናቴ ቋንቋ ነው። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ "ሓወቦይ፣ ስኒ ተሰቢሩኒ፣" አልኩት። ጥርስ ተሰበረብኝ።

የእትዬ እጅ ፀጉሯ ላይ ቆመ።

"ምን አለች? ስኒ ተሰበረ ነው ያለችው?"

ተነሥታ ቁምሣጥኑን ከፈተች። አንድ በአንድ አነሣቻቸው። የመጨረሻውን፣ ከማዕዘኑ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ የቆመውን ስታነሣ ከአፉ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስባሪ ተለይቶ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። "የእናቴን ስኒ፣" ብላ ቁጭ አለች።

እኔ ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባኝም። መረዳት እንዳቃታት ብቻ ነው የገባኝ፤ ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ከፊቷ ቆሜ አፌን ከፍቼ አሳየኋት።

ዓመቱን ሙሉ ያስደረገችኝ ያንኑ ነበር። እሷ ግን አሁን ስድብ አድርጋ ወሰደችው።

"ትቀልጅብኛለሽ ደግሞ?" አለችና በጥፊ መታችኝ። በዚያችው ጉንጭ።

ሓወቦይን አየሁት። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ስኒው እንዴት እንደተሰበረም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። "ጥርሷን ነው" ቢል ያልቅ ነበር። ሁለት ቃል። ተነሥቶ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነ፤ እጁ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።

"ስቕ በሊ፣ ጓለይ፣" አለኝ። ዝም በይ፣ ልጄ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ በአማርኛ "ልጅ ናት። ለእኔ ስትይ ይቅር በያት፣" አላት።

አማለደኝ ብዬ እጁን ሳምኩት።

በማግስቱ ፊቴ አበጠ። ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እትዬ ናት፤ እያጉረመረመች፣ ግን እጄን ይዛ። ስለ ጥርሴ ያን ጊዜ ገባት፤ ስለ ስኒው ግን አልጠየቀችም፤ ጥርስ መታመሜ ስኒ አለመስበሬን አያስረዳም። ድሬሰሩ አፌን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየ።

"የወተት ጥርስ ናት፤ ንቀልልን፤" አለችው እትዬ። "ሌላ ይበቅልላታል።"

ነቀላት። በቅርንፉድ ዘይት የራሰ ጥጥ ቦታው ላይ አደረገልኝና መንጋጋዬን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከሕመሙ ይልቅ የማስታውሰው ደስታዬን ነው፤ ሓወቦይን ሓወቦይን እሸት ነበር።

መንገድ ላይ ወረቀቱን ከፍቼ አየኋት። ከዚያ በፊት የወለቁት ጥርሶቼ ከታች ባዶ ነበሩ፤ ይህቺ ሁለት ረጃጅም እግር ነበራት። እግር ያላት ጥርስ ከሌሎቹ ቶሎ ተመልሳ ትመጣለች ብዬ አሰብኩ። እንደ ልማዱ ጣሪያ ላይ ወረወርኳት። መንደር ሳለሁ ጣሪያችን አፈር ስለነበረ የተወረወረ ጥርስ እዚያው ይቀራል። የእትዬ ጣሪያ ግን ቆርቆሮ ነው፤ ኳ ኳ እያለች ተንከባልላ እግሬ ሥር ወደቀች። ደግሜ ወረወርኳት፤ ደግማ መጣች። ደስ አለኝ። መንገዱን ታውቀዋለች አልኩ።

ትምህርት ሲዘጋ እትዬ ልብሴን በነጠላ ቋጠረችው። "እጇ የሚያርፍ ልጅ እንፈልጋለን፣" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። አውቶቡሱ ድረስ የሸኘኝ ሓወቦይ ነው። ዝናቡ አባርቶ በለስ የሚሸጡ ሴቶች በየዳሩ ተቀምጠዋል። አንድ በለስ አስልጦ አጎረሰኝ፤ በጤነኛው ጉንጬ አላመጥኩት።

"በመስከረም መጥቼ እወስድሻለሁ፣" አለኝ። "እስከዚያ ጥርስሽም ትበቅላለች።"

እኔ ሁለቱን አንድ ነገር አደረግኋቸው። ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ስነሣ ምላሴን ወደዚያ ባዶ ቦታ እሰዳለሁ። ድዱ ጠንከር ያለ ሲመስለኝ ሓወቦይ እየቀረበ ነው እላለሁ። እናቴ ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ አልነግራትም። የመስቀል ደመራ ተለኮሰ። በለስ አለቀ። መኸር ሆነ፤ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነበር፤ እኔ መንገዱ የሚታይበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ምላሴን ወደ ኋላ እሰዳለሁ።

ጥርሷም አልመጣችም፤ እሱም አልመጣም።

ወደ ትምህርት የተመለስኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ በሌላ መንገድ ነው፤ እሱን አልናገርም። የጠርሙሱን ነገር የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ አንድ ሠርግ ላይ ነው። አንዲት ሴት ባሏን ጠጋ ብላ አሸተተችና "ዛሬም ቅርንፉድ? አረቂውን ትተኸዋል መስሎኝ፣" አለችው። ዙሪያው ሁሉ ሳቀ። እኔ ተነሥቼ ውጭ ወጣሁ። ሓወቦይ መጠጥ ላይነካ በታቦት ፊት ምሎ ነበር፤ መሐላውን ካፈረሰ እትዬ ደሴ ልትመለስ። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ ያላወቅሁት። ከረሜላው የዝምታዬ ዋጋ ነበር። ዝም የምልበት ነገር እንዳለ እንኳ ሳላውቅ።

እትዬን እስከዚያ ቀን ድረስ ስጠላት ኖሬያለሁ። አሁንም አልወዳትም፤ ለመሳቋም ለጥፊዋም ምሕረት የለኝም። ግን ያጠፋችው ሳታውቅ ነው። ስኳሩን የቆለፈችውም እሷ ነበረች። ሓወቦይ ሲሞት ለቅሶ ደርሻለሁ። ደግነቱን ሲያወሩ ሰማሁ፤ እውነታቸውን ነው። ስቕ በሊ ብሎኝ ነበር፤ ስቕ አልኩ።

"ሶልያና" ብለው ጠሩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከአርባ ምንጭ መጥቶ እዚሁ ተምሮ የቀረ። ትግርኛው ሰላምታ ላይ ያልቃል። ልጅቷን ወንበሩ ላይ አስተኝቶ መብራቱን አፏ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ትንሿን መስታወት አስገብቶ "እማማ፣ ይምጡ ይዩ፣" አለኝ።

"ከሁሉም ኋላ ያለችውን ያዩዋታል? ብዙ ሰው የወተት ጥርስ ትመስለዋለች፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ዝም ብላ ነው የምትበቅለው። ዋናዋ መንጋጋ ናት። ከሄደች ምትክ የላትም።"

"አውቃለሁ፣" አልኩ።

"ላይዋ ላይ ያሉትን ሸንተረሮች ይመልከቱ። ጠባብ ናቸው፤ ብሩሽ አይገባባቸውም፤ ጣፋጭ ግን ይገባል። መቦርቦር የሚጀምረው እዚያ ነው። ሳይጀምር እንደፍናቸዋለን። አያምም፤ መርፌም የለውም።"

ጥርሷን አጽድቶ በጥጥ ከበባት። ሰማያዊ ቅባት ቀባ፤ ሶልያና ኮምጣጣው ደርሷት ፊቷን አጨማደደች። አጥቦ ሲያደርቃት መንጋጋዋ እንደ ጠመኔ ነጣች። ከዚያ ወፈር ያለ ነጭ ፈሳሽ በቀጭን ጫፍ ጠብ አደረገ። ፈሳሹ እየተሳበ ሸንተረሮቹን ሲሞላ አየሁት፤ ዝናብ የእርሻ ትልም ውስጥ እንደሚገባ ነው። ሰማያዊ ብርሃን አበራበት፤ ደረቀ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው።

"ሁልጊዜ መቦረሽ ግን አይቀርም፣" አለኝ። "ስድስት ወር ቆይተው ያምጧት፤ ሽፋኑ ተነሥቶ እንደሆነ አያለሁ።"

ሶልያና ቀና አለች። አፏን ገጠመች፤ ከፈተች፤ እንደገና ገጠመች። ምላሷ ከኋላ እየፈተሸ መሆኑን ከጉንጯ አየሁ። የማታውቀው ጉብታ አገኘች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ክንዷ ሲወራጭ ከወንበሩ ጎን ያለውን የመጉመጥመጫ ኩባያ መታውና ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ስኒ ተሰቢሩኒ፣" አለች ለሐኪሙ።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ኩባያውን አነሣ። ፈገግ ብሎ ዙሪያውን አሳያት።

"አይዞሽ፣ አልተሰበረም። ፕላስቲክ እኮ ነው። ማንም አይቆጣሽም።"

ሶልያና እኔን አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ አውቃለሁ፤ እንደዚያ አድርጌ ሰው አይቻለሁ።

"ስለ ኩባያው አይደለም ያለችህ፣" አልኩት። ድምፄ ከልክ በላይ ሳይወጣ አልቀረም፤ በር ላይ የነበረችው ነርስ ዞር አለች። "ጥርሷን ነው።"

ሐኪሙ ኩባያውን አስቀምጦ መስታወቱን አነሣ። "ነው እንዴ? እስቲ ክፈቺ፣" አላት። በላይና በታች ጥርሶቿ መሀል ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት አስነከሳት፤ የተረፈውን ጉብታ በጥቂቱ ሞርዶ አስተካከለው፤ ደግማ እንድትነክስ አደረጋት።

"ደህና ነው?" አልኳት በትግርኛ።

ምላሷን ወደ ኋላ ሰደደች። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ኣላ፣" አለችኝ። ጥርሷ እዚያው አለች።